ዳሽቦርድ ሥር የተቀመጠው ምስክር

መቀሌ፣ ሮማናት አካባቢ ባጃጅና ቪትዝ ሲጋጩ ቀድሞ የሚደርሰው ትራፊክ ፖሊስ አይደለም። አምቡላንስም አይደለም። ቀድሞ የሚደርሰው ችሎቱ ነው። ማኪያቶውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ከካፌ የወጣ፣ አንድ ጫማውን አስጠርጎ ሌላውን ሳያስጠርግ ከሊስትሮው ፊት የተነሳ፣ ባንክ ወረፋ ሲጠብቅ የነበረ፤ ሁሉም ዳኛ፣ ሁሉም ዓቃቤ ሕግ። «እየበረረ ነው የመጣው!» ይላል አንዱ፤ ግጭቱ ሲደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ሲያወራ የነበረው እሱ ነው። «ኧረ ባጃጁ ነው ዘው ያለበት!» ይላል ሌላው፤ የባለቪትዙ የአክስት ልጅ ነው። ትራፊኩ ሜትሩን ይዞ ሲደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ፣ ይግባኙ ተሰምቶ፣ ግማሹ ታዳሚ ወደ ማኪያቶው ተመልሷል።

እንዲህ ዓይነት ችሎት ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። (ጋዜጠኝነት ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሰው ግጭት አያመልጠውም።) ሁልጊዜ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥር። ለመሆኑ «እየበረረ» ማለት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ሹፌሩ ፍሬን የያዘው ከመግጨቱ በፊት ነው ወይስ ከገጨ በኋላ?

ይህ ቁጥር ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በዓመት ይቆጠራል። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት አንድ ሹፌር በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር መቀጮ ነው። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ሹፌሩ ግልጽ ደንብ እያወቀ ጥሶ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። እንግዲህ የፍጥነት ወሰን ግልጽ ደንብ ነው። አንድ ሰው ሞቶ፣ ሹፌሩ በወሰኑ ውስጥ ነበር ወይስ ከወሰኑ እጅግ አልፎ ነበር የሚለው ጥያቄ የ10 ዓመት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

በፍትሐ ብሔሩም እንዲሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል፤ ጉዳቱንም ባለንብረቶቹ ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ይህ ይቀራል። ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ሳነብ ሳቄ መጣ። ሕግ አርቃቂዎቹ የእኛን የሮማናት ችሎት ያዩ ነው የሚመስሉት፤ «ከእነዚህ ሰዎች እውነቱ አይገኝም፣ ለሁለት ይካፈሉት» ያሉ።

አሁን ወደ ሳጥኑ።

ኤርባግ ያላቸው አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም በፊት ወንበሮቹ መሃል፣ ኤርባጉን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ኤርባጉ ይፈንዳ ወይስ አይፈንዳ ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ፍጥነቱን፣ ፍሬኑን፣ የነዳጅ ፔዳሉን፣ ቀበቶ መታሰሩን ያለማቋረጥ ይከታተላል። ግጭት ሲደርስ ከግጭቱ በፊት የነበረውን 5 ሰከንድ ያህል ቀርጾ ይይዛል። ድምፅ አይቀዳም፣ ቪዲዮ የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። አሜሪካኖች ስለዚህ መሣሪያ ዝርዝር ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ 5ቱ ሰከንድ ወደ 20 እንዲያድግ ወስነዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ወዲህ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ይህን መሣሪያ መያዝ አለበት።

5 ሰከንድ አጭር ይመስላል። ቲም መሬይ ይጠየቁ። ሰውየው የማሳቹሴትስ ግዛት ምክትል አስተዳዳሪ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 አንድ ማለዳ የመንግሥትን መኪና እየነዱ ከመንገድ ወጥተው ተገለበጡ። ደግነቱ ተረፉ። ቀበቶ አስሬ ነበር፣ ከፍጥነት ወሰኑም አላለፍኩም አሉ። ሰዉም አመነ፣ ባለሥልጣን ናቸዋ! ከሁለት ወር በኋላ የመኪናው ሳጥን ተነበበ፤ 108 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ግድም። ቀበቶም አልታሰረም። የ555 ዶላር መቀጮ ተጻፈባቸው። ለእኔ የሚገርመኝ መቀጮው ሳይሆን ሳጥኑ ባይኖር ኖሮ ታሪኩ እዚያው ማለዳ ላይ ያልቅ የነበረ መሆኑ ነው። ጥቁር ታርጋ ይሁን ነጭ ታርጋ፣ ቦርሳ ተሸካሚ ይኑረው አይኑረው፣ ሳጥኑ አያይም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ሳጥን ለመማር አሜሪካ መሄድ አያስፈልገንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2፡38 ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው አልቋል። ሣጥኖቹ በማግስቱ ተገኙ፣ ፓሪስ ተላኩ፣ በወሩ የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ። በግራ በኩል ያለው የአፍንጫ ማዕዘን ጠቋሚ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይል ነበር። በተሳሳተው ጠቋሚ የተመራው የቦይንግ ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት ይገፋ ነበር። ከዚያም በኋላ ሳም ግሬቭስ የተባሉ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል አሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ይወጡት ነበር ብለው ተናግረዋል። ሙት አይከራከርም፤ እነዚህ ቁጥሮች ግን ተከራከሩለት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ቦይንግ የሟች ቤተሰቦች ባቀረቡት ክስ ለካሳው ኃላፊነቱን ተቀበለ።

ይሁንና ሣጥን ተገኘ ማለት ክርክር አለቀ ማለት አይደለም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ተነስቶ ሜዲትራኒያን ባሕር የገባውን የበረራ ቁጥር 409 አስታውሱ፤ 90 ሰዎች ነበሩበት። የዚያም ሣጥን ከባሕር ወለል ወጥቷል፣ ተነቧል። የሊባኖስ መርማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ጥፋቱን በአብራሪዎቹ አያያዝ ላይ አደረጉ፤ የኢትዮጵያ ወገን አልተቀበለም። ያው ቁጥር፣ ሁለት ታሪክ። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ ከሚለው እኩል፣ ሣጥኑ በማን እጅ ነው፣ የሚያነበውስ ማን ነው የሚለው መጠየቅ አለበት።

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኛ ቤት «አኮይ» ነው የሚባለው፣ የተሳቢ ሹፌር ነው። ነበር ልበል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከአዲስ አበባ ዱቄትና ዘይት ጭኖ ወደ መቀሌ ሲመጣ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም አምባላጌ ቁልቁለት ላይ ከፊት ለፊት ከመጣ ሚኒባስ ጋር ተጋጨ። ሚኒባሱ ውስጥ ከነበሩት አንዲት እናት ሞቱ።

ፕላን የተነሳው በማግስቱ ጠዋት ነው። በመሃሉ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መኪኖቹ ተጎትተው ዳር ወጥተዋል፤ ሌሊቱን ደግሞ ዘንቧል። ስለዚህ ፕላኑ ላይ በጥንቃቄ በሜትር ተለክቶ የተሳለው መኪኖቹ የተጋጩበት ቦታ ሳይሆን ተጎትተው የቆሙበት ቦታ ነው። የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች «እየበረረ መጣ» ብለው መሰከሩ። አኮይ «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ» አለ። ረዳቱ ተኝቶ ነበር። (አደጋ በደረሰ ቁጥር ረዳት ለምን ተኝቶ እንደሚገኝ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

እና መኪናው ላይ ጂፒኤስ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መንግሥት የሕዝብና የጭነት ማመላለሻዎች ላይ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጠም ግዴታ እንደጣለ ታውቃላችሁ፤ ብዙ ባለንብረቶችም ከዚያ በፊት ጀምሮ ነዳጅ እንዳይሸጥባቸው መኪናቸውን በጂፒኤስ ይከታተላሉ። ይህ እቃ ልክ እንደ ኤርባጉ ኮምፒውተር እያንዳንዷን ሰከንድ ባይዝም፣ መኪናው የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ፍጥነት እንደነበር በየጊዜው ይመዘግባል። ጠበቃው ባለንብረቱን መዝገቡን ስጠን አለው። ባለንብረቱ «ሲም ካርዱ ውስጥ ሂሳብ አልነበረም» አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ያጠና ጓደኛዬን ስጠይቀው ግን እንዲህ ዓይነት ብዙ መሣሪያዎች ኔትወርክ ባይኖርም መረጃውን ራሳቸው ውስጥ አስቀምጠው፣ ግንኙነቱ ሲመለስ ይልካሉ አለኝ። ይህን ይዘን ስንመለስ ደግሞ «ሲስተም ቀይረናል» ተባልን። ለምን እንደማይሰጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ያው ወረቀት ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን አንድ ሹፌር ከአዲስ አበባ ጀምሮ ስንት ሰዓት ሳያርፍ እንደነዳ ያሳያል። እንደዚያ እንዲነዳ ያዘዘውስ ማን ነው?

ዓቃቤ ሕግ አልጠየቀም፤ ምስክር አለው፣ ፕላን አለው፣ የሐኪም ማስረጃ አለው። የሟች ልጆችም አልጠየቁም፤ እንዲህ ዓይነት ነገር መኖሩን ማን ነግሯቸው? ፍርድ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ። እናቴ «ወንድሜን አውቀዋለሁ» ትላለች። ትልቋ ልጃቸው «እናቴን የገደላት ፍጥነት ነው» ትላለች። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። እኔ ደግሞ ከአኮይ ጋር ብዙ ተጉዣለሁ፤ ጭነት ሲይዝ እንደሚጠነቀቅ አውቃለሁ፤ ቤቱ ሲቃረብ እንደሚቸኩልም አውቃለሁ።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ልጠይቀው ስሄድ «ያ መዝገብ ቢመጣ ትፈልገው ነበር?» አልኩት። ቶሎ አልመለሰልኝም።

«ይምጣ እል ነበር፣ ጓለይ» አለኝ። «ጠበቃው ‹እርግጠኛ ነህ?› ሲለኝ ነው ዝም ያልኩት። ሌሊት ቁልቁለት ላይ፣ ከፊትህ መብራት እየመጣ፣ ዳሽቦርድ ማን ያያል?»

ከዚያ ወዲህ ስለነዚህ መሣሪያዎች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ካነበብኩት ውስጥ ያበሳጨኝን ልንገራችሁ። የኤርባጉ ኮምፒውተር የሚቀሰቀሰው መኪናው በ150 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱ ቢያንስ በ8 ኪሎ ሜትር ሲቀየር ነው። መኪና ከመኪና ወይም ከግንብ ሲጋጭ ይህ ይሆናል። ሰው ሲገጭስ? ሂሳቡ ቀላል ነው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢገጭ፣ ከፍጥነቱ የሚቀንስበት 2 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ለሳጥኑ ጉድጓድ ውስጥ እንደመግባት ነው፤ ላይመዘግበው ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ብዙው እግረኛ ነው። ማለትም ሳጥኑ የተሠራው ውስጥ ለተቀመጠው ነው። ባጃጅም ኤርባግ የለውም፣ ስለዚህ ሳጥንም የለውም። መቀሌ ላይ ያለ ባጃጅ ከተማዋ የለችም፤ እናንተው ጨርሱት።

ሌላም አለ። ሳጥኑ መኪናው እንዴት ይሄድ እንደነበር ይናገራል እንጂ ማን ይነዳው እንደነበር አይናገርም፤ በአብዛኛው ቀንና ሰዓትም አይጽፍም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአገራችን እጅግ የታወቀው የመኪና አደጋ ክስ የቴዲ አፍሮ ነው። ገጭቶ በማምለጥ ተከሶ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ታሰረ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም. 6 ዓመት ተፈረደበት፣ በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ወረደለት፣ ነሐሴ 2001 ዓ.ም. ተፈታ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ትልልቆቹ ግን እስከዛሬ ይከራከሩበታል። ከመከላከያው ዋና ዋና ነጥቦች አንዱ የሟቹ መሞቻ ቀን ጉዳይ ነበር፤ ጥያቄው ማን? እና መቼ? ነበር። የኤርባግ ሳጥን ለእነዚህ ሁለቱ መልስ የለውም።

ለእግረኛው የሚጠቅመው እንግዲህ ሰዓትና ቦታ የሚይዘው ጂፒኤስ ነው። እሱ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያመጣል። ከጦርነት በወጣ ከተማ ውስጥ «መኪናህ የት የት እንደዋለ ይመዘገባል» ሲባል ሰው አንገቱ ሥር የሆነ ነገር ይቀዘቅዘዋል። ኬላ ላይ ሰዓታት የቆመ ሕዝብ ነን፤ ስልክና ባንክ ተዘግቶበት የከረመ ሕዝብ ነን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ የኤርባጉ ሳጥን መረጃ የባለመኪናው ነው፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ፈቃዱ አይወሰድም ብለዋል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አውጥተናል። ጥሩ ነው። ግን «የባለመኪናው ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አምባላጌ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የተከሰሰው ሹፌር ባለመኪና አይደለም። የሞቱት እናት ባለመኪና አይደሉም። መረጃው የባለመኪናው ከሆነ ሁለቱም በሩ ላይ ይቆማሉ።

ስለዚህ እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ሰው በሞተበት ወይም በቆሰለበት አደጋ ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሳ፣ መኪናው ላይ መዝጋቢ መሣሪያ አለ ወይ ብሎ ይጻፍ። ካለ፣ የዚያች ሰዓት መዝገብ ብቻ እንዳይጠፋ ፍርድ ቤት ወዲያው ይዘዝ፤ ያለፈው ሳምንት ባለመኪናው የት እንዳደረ ማንንም አይመለከትም። መዝገቡን ለመጠየቅ ተከሳሹም የሟች ቤተሰብም እኩል መብት ይኑራቸው። ያነበበውም ሰው እንደማንኛውም ምስክር ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቅ፤ የቤይሩቱን አንርሳ።

ጊዜው ደግሞ እየቀደመን ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው፤ መቀሌም ላይ አልፎ አልፎ ድምፃቸውን አጥፍተው ከኋላ መጥተው ያስደነግጡናል። አብዛኞቹ የቻይና ናቸው። ቻይና ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በምታመርታቸው አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ይህን መዝጋቢ ግዴታ አድርጋለች። ማለትም ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያውጅ፣ ሳጥኑ አገር ገብቷል። ባለመኪናው ራሱ አያውቀውም።

አንድ የማውቃቸው አንጋፋ ትራፊክ ፖሊስ አሉ፤ ይህን ሁሉ ስነግራቸው በትዕግሥት አዳመጡኝ። እሳቸው የሚያነቡት ጎማ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ 20 ሜትር የጎማ ጭረት ካዩ መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄድ እንደነበር ያለ ወረቀት ይነግሩዎታል። «ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ግን ሳጥኑን የሚያነብልኝ ሰው የት አለ?» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ድሮ ጎማው ይነግረኝ ነበር» አሉ። «አዲሶቹ መኪኖች ኤቢኤስ አላቸው፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው አይቆለፍም፣ ጭረቱም እንደ ድሮው አይታይም። አስፋልቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ከቦ የቆመው ሰው አንድ ነገር ያገኘሁ ይመስለዋል።»